ማረሻ የማያየው መሬት፦ የግቢ ሣር ለምን ይበሳል?

የሻረግ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ሰኔ ገባ፤ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሰማዩ ከብዷል። በጋውን ሙሉ ግቢው የተራቆተበት ሰው ሁሉ አሁን «ዝናቡ ያነሣዋል» ብሎ ይጠብቃል። ይበልጣል ግን በዚህ አይስማማም።

ይበልጣል፦ አልስማማም። መሬቱ ከጠጠረ ዝናቡ ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል እንጂ ወደ ሥር አይወርድም። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፤ ከውሃው እኩል ኦክስጅን ይፈልጋል። አፈር ሲረገጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል። ስለዚህ መሬቱን ብሱት እላለሁ።

የሻረግ፦ ቆይ እዚህ ላይ። እኔ የቢቸና ገበሬ ልጅ ነኝ። ጤፍ ሲዘራ ከብቱንም በጉንም አስገብተን ማሳውን እናስረግጠው ነበር። ጤፍ የሚያምረው በተረገጠ መሬት ነው። አንተ ደግሞ መረገጥ ገዳይ ነው ትለኛለህ።

ይበልጣል፦ ጥሩ አድርገሽ ያዝሽኝ። የጤፍ ዘር ደቃቅ ናት፤ ልል አፈር ላይ ከወደቀች ወይ ትሰምጣለች ወይ ርጥበት አጥታ ትቀራለች። ስለዚህ ላዩ ይጠቀጠቅላታል። ነገር ግን ያ ማሳ ከመረገጡ በፊት ስንት ጊዜ ታረሰ? አራት አምስት ጊዜ! በሚቀጥለውም ዓመት ይገለበጣል። የግቢ ሣር አንዴ ከተተከለ በኋላ ማረሻ የሚባል ነገር አያይም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ ሠርግም ለቅሶም ሲሆን ድንኳን ይተከልበታል። መረገጡ በየዓመቱ ይደራረባል፤ የሚፈታው ግን የለም። መብሳት ማለት ሣሩን ሳይገለብጡ ማረስ ነው።

የሻረግ፦ ተረታሁ። አዲስ ቤት የሠሩትስ?

ይበልጣል፦ የእነርሱ ይብሳል። ግንባታው ላይ ከባድ መኪና ሲገባ ሲወጣ ከርሟል፤ ገረጋንቲ ተደልድሏል፤ ሲሚንቶ ተቦክቶበታል። በመጨረሻ ስስ አፈር ያለብሱትና ሰርዶ ይተክሉበታል። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ጥግ ላይ ትንሽ ቆፍረሽ ብታዪ ሥሩ ገረጋንቲውን ነክቶ ወደ ጎን ታጥፎ ታገኚዋለሽ።

የሻረግ፦ ሳንቆፍር ማወቅ አንችልም?

ይበልጣል፦ ካቻቢቴ ይበቃል። መሬቱ ርጥብ ሳለ በእጅ ግፊው፤ ሳይቸግርሽ ከገባ መሬቱ ደኅና ነው፣ አትድከሚ። ግማሽ ላይ ከቆመ ጠጥሯል። ደግሞ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ቄጠማ ሲበቅል ታያለሽ።

የሻረግ፦ ለበዓል ቄጠማ መግዛት ቀረ በላ!

ይበልጣል፦ (እየሳቀ) እሱም አንድ ጥቅም ነው። ወደ መሣሪያው ልምጣ። ብዙ ሰው ሹል ብረት ይወጋበታል፤ ጫማ ላይ ሚስማር መትቶ የሚራመድም አለ። ሹል ነገር አፈሩን አያወጣውም፤ ወደ ጎን ገፍቶ የቀዳዳውን ግድግዳ ያጠብቀዋል። ቀላል አፈር ላይ ባለ ጥርስ ሹካ ወግቶ ትንሽ ማነቃነቅ ሊበቃ ይችላል። ለጠጠረ መሬት ግን ክፍት ቧንቧ ነው የሚሻለው፤ አፈሩን ነቅሎ ያወጣዋል።

የሻረግ፦ ከየት ይገኛል?

ይበልጣል፦ ሰፈራችሁ ካለ ብየዳ ቤት። ግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር። የታችኛው አፍ በሞላ ይሳላል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ በቧንቧው ጎን ላይ ረዘም ያለ መስኮት ይቆረጣል። ሁለቱም በእግር የሚረገጥ አግዳሚ ብረት ላይ ይበየዳሉ፤ መሐል ላይ ረጅም እጀታ ይቆማል። ስትረግጪው ይገባል፤ ስታወጪው አፈሩ ቧንቧው ውስጥ ይቀራል፤ ቀጥሎ ስትወጊ አዲሱ አሮጌውን ገፍቶ በመስኮቱ ያስወጣዋል። መስኮቱ ከተረሳ ቧንቧው ይደፈንና ግማሽ ቀን በዱላ ስትጎረጉሪ ትውያለሽ።

የሻረግ፦ ጥልቀቱና ርቀቱስ?

ይበልጣል፦ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይግባ። በቀዳዳዎቹ መካከል አንድ ጋት ያህል ተዪ። የወጣውን የአፈር ቁራጭ እዚያው ሣሩ ላይ ተዪው፤ ጠፈፍ ሲል በመጥረጊያ ፍርክስክሱን አውጥተሽ በትኚው። ከዚያ በደንብ የበሰበሰና የተነፋ ፍግ ቀዳዳው ውስጥ ይግባ። ትኩስ እበት ግን አይሆንም፤ ሣሩን ያቃጥለዋል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

የሻረግ፦ ሐምሌ ላይ ብናደርሰውስ? አሁን ሁሉም ሰው የዘር ሥራ ላይ ነው።

ይበልጣል፦ አሁን፣ ዝናቡ መሬቱን እንዳራሰው፣ ነው ጊዜው። ሰርዶ ማደግ ሲጀምር ቁስሉን ቶሎ ይሸፍነዋል። ሐምሌ ላይ መሬቱ ይጨቀያል፤ ቧንቧው ግድግዳውን ይለስነዋል፣ የራስሽ እግርም የፈታሽውን መልሶ ይጠቀጥቀዋል። በጋ ላይ ደግሞ ቧንቧው አይገባም። ሰኔ ካመለጠሽ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መሞከር ይቻላል።

የሻረግ፦ የእናቴ ግቢ ጥቁር አፈር ነው፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እሱንም ልብሳው?

ይበልጣል፦ ዋልካ ከሆነ ተዪው። በበጋ ራሱ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል፤ ክረምት ሲሆን ያብጥና የበሳሽውን ሁሉ ይዘጋዋል። እዚያ ያለው ችግር ውሃ መተኛቱ ነው። በዳር በዳር ቦይ አውጡለት፤ ላዩ ላይ በየዓመቱ ስስ ፍግ ይልበስ። ቧንቧውን እዚህ ለባሕር ዳሩ ቀይ አፈርሽ አስቀምጪው።