ከላይ የገባ ውሃ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከጋራዥ ስለሆነ ድምፄ ትንሽ ያስተጋባ ይሆናል። ጀልባዬ እዚሁ አጠገቤ ተጎታቹ ላይ ናት። ወለሏን ከገፈፍኩት ሦስት ሳምንት አለፈው።

አዲስ ለሆናችሁ፣ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የ10,000 ሐይቆች አገር ይሉታል፣ መኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ ሲቆጠሩ ግን ከ11,000 ይበልጣሉ። እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ውሃ እያየሁ ዳር ላይ መቆም አልሆነልኝም። አምና በፈረንጆቹ 1984 የተሠራች፣ 16 ጫማ ርዝመት ያላት የፋይበርግላስ ጀልባ ገዛሁ። ቀለሟ አሁንም ያበራል። ወለሏ ላይ ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎባት ነበር፣ ወንበሮቿም ደህና ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ሐይቅ ላይ ይዣት ስወጣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። አንድ ጀልባ ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው ብድግ ብሎ ላዩን እየነካ መሄድ አለበት። እሷ አልተነሳችም። አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ኋላዋን ቀብራ ውሃውን ማረስ ጀመረች። ሞተሩ ነው ብዬ ሜካኒክ ጋ ወሰድኳት። ካርቡሬተር ተጠረገ፣ ፕሮፔለር ተቀየረ፣ ገንዘቤ ሄደ፣ ለውጥ የለም።

ዓይኔን የገለጠው ትንሽ ነገር ነው። ከሐይቅ አውጥቼ የኋላ ውታፏን ነቀልኩ፤ ውሃ ወረደ። እሱ ያለ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ግን ሲሚንቶው እንደገና ረጥቧል። በሦስተኛውም ቀን ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዝናብ የለም፣ ጀልባዋ ደግሞ ጣሪያ ሥር ናት። ታዲያ ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?

የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አወጣኋት። የተጎታቹን፣ የሞተሩን፣ የባትሪውንና የነዳጁን ክብደት ቀነስኩ። የቀረውን አምራቹ ከጻፈው ጋር ሳስተያየው 190 ኪሎ ብልጫ አለው። ሁለት ተኩል ሰው ማለት ነው፣ ወለል ሥር ተደብቆ አብሮኝ ሲጓዝ የከረመ።

ከዚያ ምንጣፉን አንስቼ፣ ካቻቢቴ ገልብጬ በእጀታው ወለሉን መታ መታ አደረግሁ። ፊት ለፊት ኳ፣ ኳ ይላል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ዱፍ፣ ዱፍ። ያደረ ሊጥ የምትመቱ ነው የሚመስለው። እዚያው ላይ በትራፓኖ ክብ ቀዳዳ አወጣሁና ከውስጥ ያለውን ፎም ጎትቼ አወጣሁት። ስጨብጠው በጣቶቼ መካከል ውሃ ወረደ። ሽታው የረግረግ ነው።

ይህ ፎም ለምን ተቀመጠ መሰላችሁ? ሰው እንዲያድን ነው። አሜሪካ በ1971 የጀልባ ደኅንነት ሕግ አወጣች፤ እሱን ተከትሎ በመጣው ደንብ ከ20 ጫማ ያነሱ ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዳይሰምጡ ውስጣቸው የሚያንሳፍፍ ነገር ይደረጋል። አንድ ጫማ በአንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነ ፎም አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ግን ውሃ ውስጥ 27 ኪሎ ያህል ተሸክሞ ይይዛል። ደረቅ ከሆነ ነው ታዲያ።

ከቆረጥኩት ላይ አንድ ሊትር የሚያህል ኩብ አስተካክዬ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። 32 ግራም አካባቢ መሆን ነበረበት። 710 ግራም አለኝ።

ቀዳዳ ብቻ አብጅላትና በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዋት፣ ትደርቃለች ያሉኝ ሰዎች አሉ። ፈተንኩት። ያንን ኩብ አንድ ወር ሙሉ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በወሩ 640 ግራም ሆነ። ፎሙ ጥቃቅን የተዘጉ ክፍሎች ነው፤ ውሃ በዓመታት ብዛት አንዴ ሰርጎ ከገባ መውጫ የለውም። በዚያ ላይ የሚኒሶታ ክረምት አለ። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፣ የክፍሎቹን ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ይደርቃል ብላችሁ አንድ በጋ አታቃጥሉ። መውጣት አለበት።

ቀዳዳውን ፍለጋ ሁለት ቀን ሙሉ ባትሪ ይዤ ከሥሯ ተጋድሜአለሁ። ሐይቁ ነው የገባባት ብዬ። ሆዷ ላይ አንድም ስንጥቅ የለም። ውሃው የገባው ከላይ ነው! ወንበሮቹን የያዙ 12 ብሎኖች ወለሉን በስተው ኮምፐርሳቶው ውስጥ ገብተዋል፣ ዙሪያቸው ላይ ጠብታ ማሸጊያ የለም። በእያንዳንዱ ዝናብ በዚያ ይወርዳል። ከታች ደግሞ ውሃው ወደ ውታፉ የሚሄድበት መንገድ፣ ያኔ ሲሠሩት ፎሙ አብጦ ደፍኖታል። ገባ፣ መውጫ አጣ፣ ተቀመጠ።

ይህን ሳይ አጎቴ ትዝ አሉኝ። ከዘጌ እንጨት በደንገል ታንኳ ያመጡ ነበር። ማታ ማታ፣ የቱንም ያህል ቢደክማቸው፣ ታንኳዋን ከውሃ ጎትተው አውጥተው ዛፍ ላይ ያቆሟታል። «ዛሬ ጠጥታለች፣ ትድረቅ» ይሉ ነበር። ደንገል መጠጣቱን ተሸካሚው በትከሻው ያውቀዋል። የእኔዋ ግን አርባ ዓመት ስትጠጣ ቀለሟ እንኳ አልደበዘዘም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ወለሉን ከመቁረጤ በፊት ሆዷን በደንብ ደገፍኩ፤ ያለዚያ ወለሉ ሲነሳ ቅርጿ ይጣመማል። ዳር ዳሩን አምስት ሴንቲ ያህል ትቼ ቆረጥኩ፣ አዲሱ ወለል የሚያርፍበት እንዲኖረው። ፎሙን ያወጣሁት በአካፋና በዳቦ ቢላዋ ነው። 14 ትልልቅ የቆሻሻ ከረጢት ሞላ። ስትሪንገር የሚሏቸው፣ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉት እንጨቶች፣ ኋላቸው በጣት ይፈረፈራል። እነሱን ቀየርኩ። ለማጣበቂያው ከፖሊስተር ሬዚን ይልቅ ኢፖክሲ መረጥኩ፤ ዋጋው ይወደዳል፣ የድሮ ፋይበርግላስ ላይ ግን የተሻለ ይይዛል። ግሪንደሩ የሚያስነሳው የፋይበርግላስ ብናኝ እንዴት እንደሚያሳክክ አላወራም።

የቀረኝ አዲሱን ፎም ማፍሰስ ነው። ሁለት ፈሳሽ እኩል ለእኩል፣ ግማሽ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ማማሰል፣ ከዚያ ቶሎ ማፍሰስ፤ ከ20 እጥፍ በላይ ያብጣል። በጥቂት በጥቂቱ ነው፣ ሙቀት ስለሚፈጥር። ትክክለኛ የኬሚካል ማስክ ሳታደርጉና በር ሳትከፍቱ እንዳትሞክሩት፣ እለምናችኋለሁ፣ ለሳንባ አደገኛ ነው። ቀዝቃዛ ቀን ደግሞ በቅጡ አይነሳም። ከመሐል ወለሉ ሥር የፕላስቲክ ቱቦ ለሁለት ሰንጥቄ ደፍቼዋለሁ፣ ውሃው እስከ ውታፉ መንገድ እንዲኖረው። 12ቱን የብሎን ቀዳዳዎችም አዲሱ ወለል ላይ አስፍቼ እበሳና ኢፖክሲ እሞላቸዋለሁ፤ ብሎኑ በዚያ መሐል ነው የሚገባው፣ እንጨት አይነካም።

እሁድ አጎቴ ጋ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ የት ነው የምታቆማት ልጄ?» አሉኝ። ደጅ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ፣ ውታፏን ነቅዬ አልኳቸው። «እንግዲያው ይሁን» አሉ።

ቅዳሜ 24 ዲግሪ ይሆናል እያሉ ነው። ከሆነ አፈሳለሁ።