ሁሉ ነገር በኮምፒውተሩ ሲላከክ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከአዳማ በተላለፈው የመኪና ሰዓታችን አብዛኛው ስልክ ስለ ሞተር ኮምፒውተር፣ ማለትም ነዳጁንና ብልጭታውን ስለሚያዝዘው ሳጥን ነበር። በሰዓት ጥበት የተቆራረጡትን መልሶች እዚህ ሞላ አድርጌ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሱዙኪ ቪታራዬ የ1996 ሞዴል ናት። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሞጆ ሳልደርስ ግን ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ከቀዘቀዘች እንደገና ትነሳለች። ጋራዥ ቦቢናና የነዳጅ ፓምፕ ቀየሩልኝ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሯ ነው፣ ግዛ» አሉኝ። ልግዛ? (ከፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን መካኒክ መላ ሲጠፋው የሚያላክከው በእሱ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ስትል አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ? የነዳጅ ፓምፑስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዚዝ ብሎ ቆመ? ሁለቱም ካሉ ኮምፒውተሩ ነቅቷል ማለት ነው። ያኔ ጥርጣሬው ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ወዳለው ሴንሰር ይዞራል። እሱም ሲሞቅ የመጥፋት፣ ሲቀዘቅዝ የመመለስ አመል አለው።

ሁለቱም ከሌሉ ኮምፒውተሩ አልነቃም። አልነቃም ማለት ግን ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ኮረንቲ አልደረሰው ይሆናል። ኤሌክትሪሽያኑ መልቲሜትሩን ይዞ ከዳሽቦርዱ ስር ይግባና የኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ይለካ። ባትሪው ላይ ያለው ቮልት እዚያም መድረስ አለበት። ካልደረሰ ፊውዙንና ዋናውን ሪሌ (ኮረንቲውን የሚከፍትና የሚዘጋውን) ይይ። የአሮጌ ሪሌ ሶልደር (የእርሳስ ብየዳው) ሲሰነጠቅ ልክ እንደ እርስዎ መኪና ሞቆ ይጠፋል። ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር ይለካ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየዞረ፣ ከኮምፒውተሩ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ከ0.1 ቮልት ብዙ መብለጥ የለበትም። ሦስተኛው ከኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚሄደው 5 ቮልት ነው። አንድ ሴንሰር ሾርት ካደረገ መስመሩን በሙሉ ይዞ ይወድቃል፤ ደህናው ኮምፒውተር የሞተ ይመስላል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይንቀል። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልነቃ፣ አዎ፣ ሳጥኑ ራሱ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው ያውጡትና ይክፈቱት። የ1990ዎቹ ቪታራዎች በዚህ ይታወቃሉ፤ ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች) ሲያረጁ ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ ፈሳሹም የመዳብ መስመሩን ይበላል። ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቆሻሻ ያያሉ። ጠጋ ብለው ቢያሸቱት ደግሞ የከረመ ዓሣ ይሸታል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያረፈደ ሰው አይስተውም።

መስመሩ ገና ካልተበላ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም። ጥሩ እጅ ያለው የሞባይል ወይም የቴሌቪዥን ጠጋኝ ካፓሲተሮቹን ይቀይራቸዋል። ማይክሮፋራዱ (የማጠራቀም አቅሙ) ያው ይሁን፤ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፤ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን እንዳይገለብጥ፣ ቦርዱንም በአልኮል እንዲያጸዳ ይንገሩት። እኔ ብሆን ያገለገለ ኮምፒውተር ከመግዛት ይህን እመርጣለሁ። የሚገዙትም የእርስዎው እኩያ ነው፤ የእሱም ካፓሲተሮች አርጅተዋል።

ጥያቄ፦ የ2002 ራቭ ፎር፣ አውቶማቲክ ናት። ማርሽ ስትቀይር በኃይል ትመታለች። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይቀየር አሉኝ፤ ዋጋው አስደነገጠኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ካምቢዮውን ገና አታስነኪ። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ አውቶማቲክ ራቭ ፎሮች በኮምፒውተራቸው ይታወቃሉ። ውስጥ ያለው ሶልደር ይሰነጠቅና ለካምቢዮው ሶሌኖይዶች (ማርሹን ለሚቀይሩት የኤሌክትሪክ ቫልቮች) የሚሄደው ትእዛዝ ይዛባል። ቶዮታም አሜሪካ ውስጥ ለነዚህ መኪናዎች የኮምፒውተሩን ዋስትና እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ላንቺ ዋስትናው ዛሬ አይጠቅምሽም፤ ከመካኒክሽ ጋር ለመከራከር ግን ይጠቅምሻል። ስካነሩ ፒ0750፣ ፒ0755 ወይም ፒ1760 የሚል የብልሽት ኮድ ካወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የካምቢዮ ዘይቱ ልክና ቀለም ይታይ፣ የሶሌኖይዶቹ ኦም ይለካ። እነሱ ደህና ከሆኑ ኮምፒውተሩ ይጠገን። ደግሞ አትቆዪ። እየመታች በተነዳች ቁጥር ደህናው ካምቢዮ ይጎዳል። ኮምፒውተሩ ሳይጠገን ሌላ ካምቢዮ ቢገባም ያው ዕጣ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ለፕራዶዬ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፒውተር አመጣሁ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። የሴኩሪቲ መብራቷ ትብለጨለጫለች።

መልስ፦ ኢሞቢላይዘሩ (የሌባ መከላከያው) ነው። ቁልፍህ ውስጥ ያለችው ቺፕና አዲሱ ኮምፒውተር አይተዋወቁም። ወይ ከነቁልፉ ከአንድ መኪና የወጣ ትገዛለህ፣ ወይ ከአሮጌው ቦርድ ሜሞሪ ላይ መረጃው ይገለበጥልሃል። ስለዚህ አሮጌውን ሳጥን በምንም ተአምር በልዋጭ እንዳትሰጥ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥርም አስተያይ። የቶዮታ በ89661 ይጀምራል፣ የሱዙኪ በ33920። ከዚያ በኋላ ያለው እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ የማንዋሉ ለአውቶማቲክ አይሆንም። የመጀመሪያው ለምን ተቃጠለ? እሱንም ጠይቅ። ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም የሚኒሞ ቫልቭ (ሳይረገጥ የሞተሩን ዙር የሚጠብቀው) ሾርት ካደረገ አዲሱንም ይደግመዋል።

ጥያቄ፦ ባትሪ አልቆብኝ ከአይሱዙ ኤፍኤስአር በኬብል አስነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሠራም።

መልስ፦ ኤፍኤስአር 24 ቮልት ነው፣ ያንተ 12። ተስፋ አትቁረጥ፤ አንዳንዴ ዋናው ፊውዝ ቀድሞ ይቃጠልና ኮምፒውተሩን ያተርፈዋል። ፊውዞቹንና ዲናሞውን አስፈትሽ። ከዚያ ለቪታራው የተናገርኩትን በቅደም ተከተል ሂድ። በጅቡቲ መንገድ ለእርዳታ የሚቆም ሹፌር አይጠፋም፣ እግዜር ይስጠው። ግን 24 የሚሰጡት ሁለት ባትሪዎቹ ተያይዘው ስለሆነ፣ ከጭነት መኪና የሚወሰደው ማሳ ከያዘው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፓጄሮዬ ቤንዚን ትጠጣለች። ኮምፒውተር ይሉኛል። ሌላ የነካሁት የለም፤ ለቆላው ሙቀት ብዬ ቴርሞስታቱን (የራዲያተር ውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) ብቻ ነው ያስወጣሁት።

መልስ፦ ራስህ መለስከው። ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ቴርሞስታቱን አስመልስ። ያኔ ሞተሩ ከሞቀብህ ራዲያተሩን አስጠርግ፣ ፋኑን አሳይ።