መጀመሪያ ጥላውን እይ

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ? ከድሬ ነው የማወራችሁ፣ ከከዚራ። ድምፅ እንዳያስገባብኝ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ፤ ስለዚህ ላብ በላብ ሆኜ ነው። ቶሎ ቶሎ ካወራሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ዛሬ ስለ ድሮ ሥራዬ ላውራ። ጅቡቲ በኩል በአንዲት የቅኝት ጀልባ ላይ፣ የባሕር ወለል የሚያሳይ ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ እውል ነበር። ሰፈር ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው ሲሉኝ፣ ባሕር ውስጥ የጠፋ ዕቃ እፈልግ ነበር እላለሁ። «አቦ! ወርቅስ አገኘህ?» ይሉኛል። ወርቅ የለም። መልሕቅ አለ። የተበጠሰ መረብ አለ። ጎማ ደግሞ ለጉድ ነው።

መሣሪያው ሳይድ ስካን ሶናር ይባላል። ትንሽ ቶርፔዶ ይመስላል፤ እኛ «ፊሽ» ነበር የምንለው። ጀልባዋ በኬብል ትጎትተዋለች። እሱ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ድምፅ ይረጫል። ድምፅ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአየር ግን 340 አካባቢ ነው። ብረትና ድንጋይ ድምፁን አጠንክረው ይመልሱታል። ለስላሳ ጭቃ ይውጠዋል። እያንዳንዱ ምት ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሆናል፤ መስመሮቹ ሲደራረቡ ምስል ይወጣል። ድፍርስ ውኃ ውስጥ ካሜራ ምንም አያይም፤ ለሶናር ግን ችግር የለውም።

በነገራችን ላይ፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የመዳብ ቀለም ልማድ ብቻ ነው። ሶናር ቀለም አያውቅም። በቀይ በሰማያዊ ያሸበረቁ ምስሎችን የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን ዓይን የሚያታልሉ ይመስለኛል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ጥላው! ጀማሪ ሰው የሚያበራውን ነገር ነው የሚያየው። የቆየበት ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ከኋላው ያለውን ጨለማ ነው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኩለ ቀን ላይ የማይታይ ጠጠር ያኔ ረጅም ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይዋ ዝቅ ስላለች ነው። ፊሹንም ወደ ወለሉ አስጠግተን የምንጎትተው ለዚሁ ነው። ድምፁ በአግድም ሲመጣ ከወለሉ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ይጋርደዋል። ከኋላው ድምፅ የማይደርስበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ የሆነ ብሩህ ነገር ስክሪኑ ላይ መጣ። ጥላውን ለካሁት፤ 26 ሜትር። ፊሹ ከወለሉ 8 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ከፊሹ እስከ ጥላው ጫፍ ደግሞ 80 ሜትር። 26ን በ8 አባዝታችሁ ለ80 ስታካፍሉ 2.6 ይወጣል። የዕቃው ቁመት እሱ ነው። ወደብ ላይ የሠራ ሰው 6 ሜትር በ2.6 ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ኮንቴይነር!

አለቃችን ግን እንዲህ ብለህ እንዳትጽፍ አለኝ። «ኮንታክት»፣ ማለትም ምንነቱ ገና ያልተለየ ነገር፣ ብለህ ቁጥር ስጠው፣ በቃ። ከዚያ ዞረን በሌላ አቅጣጫ አለፍንበት፤ በዚህኛው ዙር በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ። 100 ኪሎኸርዝ ሩቅ ያያል፣ ግን ደብዘዝ ያለ ነው። 900 ኪሎኸርዝ ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ግን ከጥቂት አሥር ሜትሮች አያልፍም። በመጨረሻ ጠላቂ ወረደ። ኮንቴይነር ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት ለምን? እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር። የገባኝ ቆይቶ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሣው የአየር መንገዳችን በረራ ቁጥር 409 ሜዲትራኒያን ላይ ሲወድቅ 90 ሰው ተሳፍሮበት ነበር። መርከቦች ወለሉን በሶናር ሲፈትሹ ሰንብተዋል። ጥቁር ሳጥን የራሱ ጩኸት አለው፤ በ37.5 ኪሎኸርዝ ይጮኻል፣ ያኔ 30 ቀን ያህል ነበር የሚቆየው፤ እሱን ማዳመጥ ሌላ ሥራ ነው። ወለል ላይ የተበተነውን ስብርባሪ መለየት ግን እንደኛ ዓይነቱ ሥራ ነው። እስቲ አስቡት። ሬዲዮ ሥር የተቀመጠች እናት «የሆነ ነገር አየን» ሲባል የምትሰማው «ተገኙ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ስክሪን ፊት የተቀመጠው ልጅ አፉን ቢይዝ ይሻላል።

የማሌዥያው ኤምኤች 370 ሲፈለግማ ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል 120,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ተፈትሿል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የመርከብ ስብርባሪዎች ተገኙ። አውሮፕላኑ አልተገኘም።

ጥላ ሌላም ይናገራል። ብሩሁ ነገርና ጥላው ከተነካኩ ዕቃው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በመሃላቸው ክፍተት ካለ ተንሳፍፏል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓሣ ነው። ጥላው ቀድሞ ብርሃኑ ከኋላ ከመጣ ደግሞ ጉድጓድ ነው። የቅርቡ ጠርዝ ድምፁን ይጋርዳል፣ የማዶው ግድግዳ ይመልሰዋል።

ጉድጓድ ስል ሐረማያ ትዝ አለኝ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቆ ወለሉ ለሁሉም ታየ። ሰው እርሻ አረሰበት፣ ውኃ ፍለጋ ቆፈረበት። ለሐረር ውኃ ከድሬ በኩል በፓምፕ እየተገፋ ወጣ። አሁን ደግሞ ሐይቁ ተመልሶ መሙላት ይዟል፤ ያ ሁሉ ጉድጓድና ትልም ከውኃ በታች ነው። እሱን በሶናር ማየት በጣም አምሮኛል። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ፊሽ መጎተት አይሆንም፤ ወለሉን ይልሳል። መሣሪያውን ከጀልባው ጎን በዘንግ ማሰር ያዋጣል። ሣር ከበዛ ግን ድምፁን ይጋርድብናል።

መሣሪያ የሚያውሰኝ ሰው አግኝቻለሁ። የጎደለኝ ጀልባ ነው። ሐረማያ አካባቢ ያላችሁ፣ ለጥ ብላ የምትሄድ፣ የማትወዛወዝ ጀልባ ካላችሁ ጻፉልኝ። ነዳጁን እኔ እችላለሁ። በርጫውን ግን በየራሳችን።