«ፎቶውን ሁሉ አጥፍቼም ስልኬ ሞልቷል ይለኛል»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከድሬዳዋና ከሐረር በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር የስልክን ሚሞሪ እየሞላ ስለማስቸገሩ የሚያነሱ በመሆናቸው፣ በአንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ከሳቢያን የደወሉ እናት 64 ጊጋባይት የሚይዝ ሳምሰንግ ስልክ አላቸው። ፎቶና ቪዲዮውን በሙሉ ወደ ልጃቸው ላፕቶፕ አስገልብጠው ካጠፉ በኋላም ስልኩ «ቦታ የለም» እያለ አዲስ ፎቶ አላነሳ ብሏቸዋል። ስቶሬጁን ሲከፍቱት ሰፊውን ቦታ የያዘው «ሲስተም» እና «አዘር» የሚባል ነገር ሆኖ አገኙት። ይህ ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይጠፋል?

መልስ፦ እናታችን፣ ከጋለሪ ያጠፉት ፎቶ በዚያው ቅጽበት ከስልኩ አይወጣም። በሳምሰንግ ጋለሪ ውስጥ «ትራሽ» በሚባለው ክፍል 30 ቀን ይቆያል፤ ጉግል ፎቶስን የሚጠቀሙ ከሆነም ባክአፕ የተደረገው (በኢንተርኔት መጠባበቂያ ቅጂ የተያዘለት) 60 ቀን፣ ያልተደረገው 30 ቀን በትራሹ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ወደ ላፕቶፑ የተገለበጡት ፎቶዎች በትክክል እንደሚከፈቱ ልጅዎ አንድ በአንድ ካረጋገጠልዎ በኋላ ትራሹን ባዶ ያድርጉት። ማረጋገጡ መቅደም አለበት፤ ከትራሽ የወጣን ፎቶ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

«ሲስተም» የሚለው ርዕስም ስልኩን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር ብቻ የያዘ አይደለም። ስልኩ ከፎቶ፣ ከቪዲዮ፣ ከሙዚቃ ወይም ከአፕ ሊመድበው ያልቻለውን ነገር፣ የዕድር ሒሳብ ያዥ በየርዕሱ ያልገባለትን ወጪ «ልዩ ልዩ» ብሎ እንደሚጽፈው፣ በእነዚህ ርዕሶች ሥር ሊደምረው ይችላል። ከዚህም በላይ ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር አንዳንድ ስልክ በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር፣ 64 ተብሎ የተሸጠው በስልኩ ስሌት ከ60 ጥቂት ያነሰ ሆኖ ይታያል። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የሚጠፋ ፋይል አይደለም።

በእኔ ልምድ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ቴሌግራም ነው። በየቻናሉ የከፈቱትንና ስልኩ በራሱ ያወረደውን ቪዲዮ፣ ድምፅና ፎቶ ሁሉ ከጋለሪ ውጪ በራሱ ማኅደር ስለሚያስቀምጥ፣ ጋለሪዎ ባዶ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊጋባይት ይዞ ሊገኝ ይችላል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ሲከፍቱ የያዘውን መጠን በየቻቱ ለይቶ ያሳይዎታል፤ «ክሊር ካሽ» ሲሉም መልእክቶችዎ ሳይነኩ ፋይሎቹ ብቻ ከስልኩ ይነሣሉ። ፋይሎቹ በቴሌግራም ሰርቨር (በድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ ስለሚቆዩ በኋላ እንደገና ማውረድ ይቻላል፤ እርግጥ ዳግመኛ ማውረዱ ፓኬጅ ይበላል፣ የቻናሉ ባለቤት ያጠፋው ፖስትም አይመለስም። «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ደግሞ በሰርቨር ላይ ስለማይቀመጥ፣ በውስጡ የሚፈልጉት ነገር ካለ አስቀድመው ያውጡት። እዚያው ገጽ ላይ ፋይሎቹ በስልኩ የሚቆዩበትን ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት ዝቅ ቢያደርጉትና በ«ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ገጽ ፋይሎች በራሳቸው እንዲወርዱ የሚያደርገውን ምርጫ ቢዘጉት፣ በሚቀጥለው ወር ይህንኑ ጥያቄ ይዘው አይደውሉም።

ከሐረር፣ ከጀጎል ውስጥ የደወለ ወንድማችን ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቹ ጋር የሚገናኘው በዋትሳፕ ነው። የእህቱ የሠርግ ቪዲዮዎች በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ይገኛሉ፤ ጓደኛው «ክሊር ዳታ በለው፣ ይቀልልሃል» ብሎታል። ልበለው ወይ?

መልስ፦ አይበሉት። «ክሊር ካሽ» አፑ ሥራውን ለማፋጠን በጊዜያዊነት ያስቀመጠውን ብቻ ሲያነሣ፣ «ክሊር ዳታ» ግን አፑን ገና ዛሬ እንደተጫነ ያደርገዋል፤ አካውንቱ ይወጣል፣ ባክአፕ ከሌለም የመልእክት ታሪክዎ ይጠፋል። ዋትሳፕ ደግሞ እንደ ቴሌግራም የተላከልዎትን ሁሉ በሰርቨሩ ላይ አያኖርልዎትም፤ ከስልክዎ የጠፋን የቆየ ቪዲዮ ከላኪው እንደገና መለመን ሊኖርብዎት ነው። የሠርጉን ቪዲዮ አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ይገልብጡ። ቀጥለው በዋትሳፕ ሴቲንግ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ»፣ ከዚያም «ማኔጅ ስቶሬጅ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑትንና ብዙ ጊዜ የተዘዋወሩትን ለብቻ ሰብስቦ ያቀርብልዎታል። የበዓል ምኞት ቪዲዮና በሦስት ግሩፕ የደረሰዎት ያው አንድ ቀልድ የሚገኙት እዚያ ነው።

አይፎን የያዘች የድሬዳዋ ተማሪ «ሲስተም ዳታ» ስለሚለው ጠይቃለች።

መልስ፦ በአመዛኙ ካሽ፣ ሎግ (ስልኩ የራሱን ሥራ የሚመዘግብበት ፋይል) እና መሰል ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ ከፊሉን ስልኩ ቦታ ሲጠበው በራሱ ያነሣዋል። የሳፋሪን ታሪክና የድረ ገጽ ዳታ ማጽዳት፣ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» የሚለውን አልበም ባዶ ማድረግ፣ ስልኩንም አጥፍቶ ማብራት ይጠቅማል። ካሜራሽ በ4ኬ የምስል ጥራት የሚቀርጽ ከሆነ ወደ 1080 ዝቅ አድርጊው፤ አፕል ራሱ በካሜራው ሴቲንግ ላይ እንዳሰፈረው፣ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚቀረጽ የ4ኬ ቪዲዮ በአንድ ደቂቃ 400 ሜጋባይት ያህል ሲወስድ፣ በ30 ፍሬም የሚቀረጽ የ1080 ቪዲዮ 60 ያህል ብቻ ይወስዳል።

ከከዚራ የደወሉ አባት ቦታ ለማስፋት 512 ጊጋባይት የተጻፈበት ሚሞሪ ካርድ በርካሽ ገዝተው ነበር። ስልኩም 512 ብሎ ያነበዋል፤ ነገር ግን በኋላ የገቡት ፎቶዎች አይከፈቱም።

መልስ፦ አባታችን፣ ካርዱ ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ባለው ካርድ ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ የሌላትን መጠን እንድትናገር ተደርጋ የተስተካከለች ናት፤ ትክክለኛው መጠን ሲሞላ አዲሱ ፋይል የገባ እየመሰለ ይባክናል፣ ወይም በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ፎርማት ማድረግ ይህን አያድነውም። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያወጣዋል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚከፈቱትን ፎቶዎች ዛሬውኑ ገልብጠው ያውጡ።

በመጨረሻ፣ ሁለት አድማጮች ስለ ማጽጃ አፖችና ስለ ሪሴት (ስልኩን ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ስለማስጀመር) ጠይቀዋል።

መልስ፦ ማጽጃ አፕ አልመክርም፤ የሚያጠፋውን ካሽ ስልኩ ራሱ ያጠፋዋል፣ ብዙዎቹም በማስታወቂያ ያሰለቹዎታል። ሪሴት ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የሚደረግ ነው። እዚህ ላይ በየሱቁ የሚገጥመኝን ልናገር፦ ብዙ ሰው ስልኩን ሲገዛ ጂሜይሉን የከፈተለት ሻጩ ነው፣ የይለፍ ቃሉንም ባለቤቱ አያውቀውም። አካውንቱ ሳይወጣ፣ በተለይ ስልኩ እምቢ ብሎ በቁልፎቹ ሪሴት ከተደረገ፣ አንድሮይድ ሲነሣ ያንኑ ጂሜይል ስለሚጠይቅ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ስልኩ አካውንቱን እያወቀው ሳለ በሴቲንግ ገብተው የጂሜይሉን ስም ይጻፉ፣ የይለፍ ቃሉንም ይቀይሩ። ዛሬ ከቀየሩት ግን ሪሴቱን ለነገ ያቆዩት፤ ጉግል ከቅያሬው በኋላ 24 ሰዓት እንዲጠበቅ ያሳስባል።