ከ«አለቀልን!» በፊት የነበረው ጆን ሎሪ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ረዳት ተዋንያን እንድናገር ስትጋብዙኝ ከእኛው መካከል አንዱን አነሣለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን ስኮትላንዳዊውን ጆን ሎሪን ይዤ መጥቻለሁ፤ በእርሳቸው ላይ የደረሰው በእኛም ቤት ስለሚደርስ ነው።

ሎሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በደቡብ ስኮትላንድ በደምፍሪስ ከተማ ተወለዱ። የአርክቴክትነት ጅምራቸውን ትተው አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመቱ፤ ከጦርነቱ ሲመለሱም ትወናን ተማሩ። ከ1922 እስከ 1939 አብዛኛውን ጊዜያቸውን በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቴአትር ቤትና በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ መድረኮች ላይ አሳልፈው የሼክስፒርን ሐምሌትን፣ ማክቤዝንና ሦስተኛውን ሪቻርድን ተጫውተዋል። ሐምሌትንና ማክቤዝን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ስላቆዩልን፣ የእነዚህን ሚናዎች ክብደት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በ1935 በተሠራው የእንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» ፊልም ውስጥ ግን ሎሪን የምናገኛቸው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከፖሊስ የሚሸሸውን ዋናውን ገጸ ባሕርይ በገንዘብ በእንግድነት የሚያሳድር፣ ሃይማኖተኛና ቆንቋና የገጠር ገበሬ ሆነው ይጫወታሉ። ማዕድ ቀርቦ ጸሎት እያደረሱ ዓይናቸውን ገለጥ ሲያደርጉ፣ ወጣቷ ሚስታቸውና እንግዳው በዓይን ሲነጋገሩ ያያሉ። አይቆጡም፤ አይጮኹም። ምክንያት ፈጥረው ይወጡና በጨለማ ውስጥ ቆመው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ይመለከታሉ። በዚያ ፊት ላይ ቅናቱም፣ ጥርጣሬው ልክ ሆኖ የተገኘለት ሰው መራራ እርካታም አብረው ይነበባሉ። ሚስትየው በኋላ ለሸሺው የምትሰጠው የባሏን ካፖርት ነው፤ በኪሱ የነበረው የመዝሙር መጽሐፍም ጥይት አስቁሞ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሕይወት ያተርፋል። ያ ቤት እውነተኛ ሆኖ ባይታየን ኖሮ ይህን ማን ያምን ነበር? ቤቱን እውነተኛ ያደረጉት ሎሪና ሚስትየዋን የተጫወተችው ፔጊ አሽክሮፍት ናቸው።

በ1937 ደግሞ ማይክል ፓወል በስኮትላንድ ሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች መካከል በምትገኘው በፉላ ደሴት ላይ በቀረጸው «የዓለም ዳርቻ» ፊልም፣ ነዋሪው ሁሉ ለቆ ሲሄድ ደሴቴን አልተውም የሚለውን አባት ተጫወቱ። ሊያርፉ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ከፓወል ጋር ወደዚያችው ደሴት ተመልሰዋል።

ይህን ሁሉ የሠራ ሰው የሚታወሰው በምንድን ነው? ከ1968 እስከ 1977 በቢቢሲ በታየው «ዳድስ አርሚ» የተባለ ኮሜዲ ውስጥ፣ ፍሬዘር የተባለ ቀባሪ ሆነው በሚጮኋት «አለቀልን!» ነው። ሲጀምሩት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ኮሜዲውን እወደዋለሁ፤ ተመልካቹም መሳቁ መብቱ ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ የሚያስቀው የማክቤዝን ስንኝ ሲሸከም የኖረ ድምፅ በመሆኑ ነው! ቀልዱን ይዞ ቀልዱን ያስቻለውን የመድረክ ዘመን መጣል ግፍ ነው!

እኛስ ምን እያደረግን ነው? መድረክ ላይ ያረጀ ባልደረባችን ሲያርፍ የምናየው የአንድ ኮሜዲ ቁራጭ ነው፤ የሕይወት ታሪኩን የሚያነብበው ሰውም የተጫወታቸውን ቴአትሮች ስም እንኳ አጣርቶ አይመጣም። ከእኛ መካከል መንገድ ላይ በገጸ ባሕርይው ስም ያልተጠራ ማን አለ? ሕዝቡ በፍቅር ነው የሚጠራን፤ እርሱን አልወቅስም። የምወቅሰው መዝግቦ የመያዝ ኃላፊነት ያለበትን ነው፤ ያም በመጀመሪያ እኛው ነን!

ስለ ክፍያና ስለ ልምምድ ቦታ ሌሎች ተናጋሪዎች ስለሚያነሡ በእርሱ አልቆይም። የእኔ ጥያቄ እያንዳንዱ ቴአትር ሲከፈት የሁሉም ተዋንያን ስም ከነሚናቸው እንዲታተም፣ ቢያንስ አንድ ትርኢትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀርጾ እንዲቀመጥ ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።