የሳር ማጨጃው ወንበር

እንደምን ሰነበታችሁ። በቀጥታ ልግባበት። «ገዛሽ ወይስ አልገዛሽም» እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ለከረማችሁ፣ የሳር ማጨጃ ማሽኑን አልገዛሁም። ሳሩ ጉልበቴ ጋ ደርሷል። የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤም መጥቷል፣ ያው ባለቤቴ «የቀበሌ ጥሪ» የሚለው። ሳሩን የምትበላ ፍየል ግዢ የምትሉኝ ደግሞ በናታችሁ ተዉኝ። ፍየሏ ቀልድ ነበረች፣ አንዳንዶቻችሁ ግን ከምር የሻጭ አድራሻ ልካችሁልኛል።

ዛሬ ስለ ማሽኑ ነው የማወራው። ስለ ማሽኑ ብቻ። እንሞክራለን።

ግቢያችንን ታውቁታላችሁ። ዋረንተን፣ ቨርጂኒያ ማለት የብሉ ሪጅ ተራሮች ሊጀምሩ ሲሉ ያለ አገር ነው። ቤቱ አናት ላይ፣ ጅረቱ ታች፣ በመሃል ሳር። እና ምክር ከፈለጋችሁ፣ ማሽን ከማየታችሁ በፊት ዳገታችሁን ለኩ። ረዘም ያለ ጣውላ ሳሩ ላይ ታጋድማላችሁ፣ ስልካችሁን ላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ የውሃ ልክ የሚሆነው አፕ ዲግሪውን ያወጣላችኋል። የኛ ቤቱ አጠገብ 8 ነው። መሃሉ 13። ጅረቱ ጋ ስትወርዱ 19። አብዛኞቹ ተቀምጠው የሚነዷቸው ማጨጃዎች መመሪያ ላይ የተጻፈው ደግሞ ከ15 ዲግሪ በላይ አትሂዱ ነው። 15 ዲግሪ ሲያወሩት ምንም አይመስልም። 10 ሜትር ወደፊት ስትሄዱ 2.7 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣችሁ ማለት ነው። ቆማችሁ ስታዩት ነው የሚገባችሁ።

ባለቤቴ ልቡ ያለው ዜሮ ተርኑ ጋ ነው፣ ሁለት እጀታ ያለውና በቆመበት የሚሽከረከረው። ሜዳ ላይ ጉድ ነው፣ አልክድም። የፊት ጎማዎቹ ግን እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ዝም ብለው የሚዞሩ ናቸው። መሪውም ፍሬኑም ያለው የኋላዎቹ ጎማዎች ላይ ነው። እነሱ እርጥብ ሳር ላይ ከተንሸራተቱ መሪም ፍሬንም በአንዴ ሄደ። ከታች ደግሞ ጅረት አለ። መሪ ያላቸው፣ የፊት ጎማቸውም አብሮ የሚታዘዝ ዜሮ ተርኖች አሉ፣ ካብ ካዴት ይሠራቸዋል፣ እነሱ ይሻላሉ። ባለቤቴ ግን መሪ ካለው ምኑን ዜሮ ተርን ሆነ ብሎ አኮረፈ። ተዘጋ።

እና ከአባባ ጋር ሄድን።

አባባን ለማታውቁት... አታውቁትም እንዴ? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ሲናና፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ቤላሩስ የሚባለውን ትራክተር ይነዳ የነበረው። ስለ ቤላሩስ ያወራበትን ክፍል እስካሁን ከኔ ክፍሎች ሁሉ አብልጣችሁ ነው የሰማችሁት፣ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም።

ሱቁ ውስጥ ማሽኖቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። ሰው ስንት ፈረስ ጉልበት፣ ስንት ኢንች ምላጭ ብሎ ይጠይቃል አይደል? አባባ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተኛ። ከማሽኑ ሥር ገባ። ሰዉ ያያል። እኔ ጃኬት ይዤ ቆሜአለሁ። ከሥር ድምፁ መጣ፣ «ይሄ ካምቢዮ ዘይቱ በየት ነው የሚወጣው?»

ጠየቅኩለት። ሻጩ ትልቅ ሰው ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ዝም አለ። ከዚያ «አይወጣም» አለ። የታሸገ ነው። አባባ ከሥር ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ «በይ ሌላ አሳዩን በይው» አለ።

እና ልክ ነው! ይሄን ከዚያ በኋላ ሌሊት ስፈትሽ ነው ያየሁት። እነዚህ ማሽኖች ማርሽ የላቸውም፣ ፓምፕ ዘይት ገፍቶ ነው ጎማውን የሚያዞረው። ዳገት ላይ ዘይቱ ይግላል፣ ሲግል ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ጉልበቱ ይሄዳል። ጠዋት እየዘለለ የወጣው ማሽን ከሰዓት በኋላ ያለከልካል። ሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ዶላር አካባቢ ያሉት ብዙዎቹ ታፍ ቶርክ ኬ46 የሚባለውን ወይም እሱን የመሰለ ቀላል ካምቢዮ ነው የሚይዙት። ለሜዳ ነው የተሠራው። ሞተሩ 20 ምናምን ፈረስ ጉልበት ነው ብለው ሲለጥፉበት ሰው ይደሰታል፣ ዳገት የሚያወጣው ግን ካምቢዮው ነው። ከበድ ያለውን፣ ዘይቱ የሚቀየረውንና የኋላ ጎማዎቹ አንድ ላይ የሚቆለፉለትን ከፈለጋችሁ ጆን ዲር ኤክስ 500ዎቹን የመሳሰሉት ውስጥ ትገባላችሁ፣ ዋጋውም አብሮ ዳገት ይወጣል።

አባባ ያንን ሲያይ ፊቱ በራ። በእግር የሚረገጥ መቆለፊያ አለው። «ዲፈረንሻል ሎክ!» አለ፣ እንደ ዘመድ ስም ነው የጠራው። ሻጩም ገባውና ሳቀ። ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው ተግባቡ፣ እኔ ተረሳሁ።

እሺ። አሁን እዚህ ጋ ነው።

ሻጩ ከሱቁ ጀርባ ትንሽ ሳር አለች፣ እዚያ እንድንሞክረው አወጣልን። «የሚነዳው ማነው?» አለ። እኔን ነው የሚያየው። እኔ አፌን ሳልከፍት አባባ «ሚ» አለ። ደረቱን ነካ አደረገ። «ሚ።»

ወጣ። ቁልፉን አዞረ። ወደፊት ጥቂት ሄደ፣ መለስ አለ፣ በጣም ጎበዝ ነው፣ እጁ ያውቃል። ከዚያ ምላጩን የሚያስነሳ ቢጫ እጀታ አለ፣ ወደ ላይ የሚሳብ። ሳበው። ሞተሩ ጠፋ።

እንደገና አስነሳ። ሳበው። ጠፋ።

አባባ ወደኛ ዞሮ አየ። ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ነው ያሰበው፣ በዓይኑ «አየሽ አይደል?» አይነት ነገር አለ። ሻጩ ቀረብ አለና ለኔ ነው የነገረኝ፣ ዝግ ብሎ። ወንበሩ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ሰው ከተነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ። ለደህንነት ነው። «ወንበሩ እሱን አላወቀውም» አለኝ።

አላወቀውም።

አሁን ልብ በሉ፣ ይሄ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ አባባ ጠርዙ ላይ ነው የሚቀመጠው። የድሮ ትራክተር ነጂ ወደፊት ደፋ ብሎ ነው ጎማውን የሚያየው፣ መኪና ውስጥም እንደዚያው ነው፣ ቀበቶው አንገቱን እስኪቆርጠው። ይሄ በቂ ምክንያት ነው። ሻጩም «ወደኋላ ጠጋ ይበል» አለ፣ ነገርኩት፣ ጠጋ አለ፣ ሠራ። አለቀ፣ አይደል?

ሁለተኛው ደግሞ ጃኬቱ እኔ እጅ ላይ ነበር። በጃኬት ነው አይቼው የማውቀው፣ ክረምቱን ሙሉ። ያለ ጃኬት፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ያ ትልቅ ወንበር ላይ... ትከሻው... አላውቅም። መቼ ነው እንዲህ የሆነው? አብረን ነው የምንኖረው። አብረን ነው የምንበላው። ጾም ነበር፣ እሺ፣ ጾሙን ደግሞ እሱ ያከርረዋል። ግን ጾም ከወጣ ቆየ እኮ።

እና ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ምን እንደነበረ ነው ሳስበው የማድረው። ሞተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ፣ እጁ ቢጫው እጀታ ላይ እንዳለ፣ ወንበሩን ቁልቁል አየው። ወንበሩን። ማለት፣ ሻጩ ሳይነግረኝ በፊት ነው ያየው። ገብቶት ነበር? የድሮ መካኒክ ነው፣ ለምን አይገባውም። ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ነው ያየው። ሰው ዝም ብሎ ያያል።

ወርዶ «ጥሩ ማሽን ነው» አለ። መኪና ውስጥ ምንም አላለም፣ እኔም ሬዲዮ ከፈትኩ።

ቆይ፣ ስለ አነዳዱ ያልነገርኳችሁ አለ። እነዚህ ተቀምጠው የሚነዱት ዳገት ላይ ሽቅብና ቁልቁል ነው የሚሄዱት፣ በጎን ከሄዱ ይገለበጣሉ። እየተገፋ የሚሄደው ትንሹ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ በጎን ነው የሚኬደው፣ እግራችሁ አዳልጧችሁ ከምላጩ ሥር እንዳትገቡ። አባባን ይሄ አበሳጨው። እርሻ ዳገቱን ተከትሎ በጎን ነው የሚታረሰው፣ አለዚያ አፈሩ ይታጠባል፣ «ምን ዓይነት አስተራረስ ነው ይሄ?» አለኝ። አባባ፣ አናርስም፣ ሳር ነው። «እሱማ ሳር ነው።» ከዚያ ጅረቱ ጋ ያለውን 19 ዲግሪ እያየ «ይሄም ዳገት ተባለ» አለ። ሲናና ደግሞ ሜዳ ነው! ስንዴው ላይ ዓይንህ እስኪደክም የምታይበት ሜዳ። አላልኩትም።

ሲገለበጥ ነጂውን የሚከላከል ብረት ያላቸው አሉ፣ ከወንበሩ ኋላ የሚቆም ቅስት፣ ከቀበቶ ጋር። ብረቱ ቆሞ ከሆነ ቀበቶ ይታሰራል፣ ብረት የሌለው ላይ ግን አይታሰርም፣ ሲገለበጥ ሰውየውን ከሥሩ ይዞት ይቀራል። ተራዎቹ የሳር ትራክተሮች ደግሞ ብረቱ የላቸውም። አባባ እርሻው ላይ የተገለበጠበት ጓደኛ አለው፣ ሰምታችኋል፣ አልደግመውም።

እና ልጄ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሊነዳ አስቧል፣ ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል። በጭራሽ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለሚገፋው 12 ዓመት፣ ለሚነዳው 16 ዓመት ነው የሚለው፣ በጭን ላይ የሚባል ነገር የለም። እሱን ክርክር አሸንፌአለሁ። የአባባን የራሱን መንዳት ነው ያላሸነፍኩት።

የባለቤቴ ወንድም «ሮቦት ግዙ» ይላል። ሁስቅቫርና 435 ኤክስ የሚባል፣ በአራቱም ጎማው የሚገፋ አለ፣ እስከ 35 ዲግሪ ይወጣል፣ የኛን ጅረት ዳር ሲያየው ይስቅበታል። ቪዲዮውን ለአባባ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አየ። «ጎበዝ ነው» አለ። ከዚያ «እኔ ታዲያ ምን ልሥራ?» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እየሳቀ ነበር መሰለኝ።

ሌላው አማራጭ ታችኛውን ጭራሽ አለማጨድ ነው። ቁጥቋጦ፣ አበባ፣ ምን ይተከልበታል። ከላይ ያለውን 8ና 13 ዲግሪውን ከበድ ባለው ትራክተር፣ አባባ ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ይሄ ያስኬዳል። ወንበሩም እንደ ሰው ክብደት የሚስተካከል ስፕሪንግ አለው ብሎኛል ሻጩ፣ ይላላል። ስለዚህ የወንበሩ ነገር ችግር አይደለም። የወንበሩ ነገር ቀላል ነው።

ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩለት። ለስኳሩ ነው ብዬዋለሁ፣ ስኳሩም እኮ አለ። እዚያ ይመዝኑታል፣ ሳልጠይቅ ይመዝኑታል፣ እና ቁጥሩ ያው ከሆነ ቅዳሜ ሄደን እንገዛለን፣ ቅናሹም እስከ ቅዳሜ ነው። ካልሆነ ደግሞ... ካልሆነም እንገዛ ይሆናል፣ ምክንያቱም ባንገዛ ለምን እንዳልገዛን ይጠይቃል፣ ባለቤቴ ደግሞ ዜሮ ተርኑን እንደገና ሊያነሳብኝ ነው፣ እና እኔ መንዳት እችላለሁ እኮ፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ ግን እኔ ከነዳሁት አባባ... ቆዩ፣ ጋራዡ ተከፈተ፣ ማነው አሁን ትንሹን ማጨጃ ያስነሳው? አባባ?