የፈረሱ ጀርባ ለምን ተላጠ?

እንደምን አመሻችሁ፣ የተከበራችሁ እንግዶች።

ዛሬ የማሳያችሁ አንድ ስዕል ብቻ ነው። ከኋላዬ ያለው እሱ ነው። ጎማ ባለው ሰሌዳ ላይ የቆመ የእንጨት ፈረስ፣ የድሮ ልጆች መጫወቻ። እስቲ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለን እንየው።

አመሰግናለሁ።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ፈረስ ነው፣ ቀይ ነው ብዬ አለፍኩት። ስመለስበት ግን ዓይኔ ጀርባው ላይ ቀረ። ቀለሙ እዚያ ጋ ተልጧል። አንገቱም ላይ እንዲሁ። ሆዱ ግን አሁን የተቀባ ይመስላል። ልጅ መጫወቻውን የሚያነሳው በጀርባው ወይ በአንገቱ ይዞ ነዋ! የትንሽ እጅ ቦታ ነው የምናየው።

አሁን ደግሞ የእንጨቱን መስመሮች ተከተሉ። በገላው ላይ አግድም ይሄዳሉ። እግሮቹ ላይ ሲደርሱ ወደ ታች ይወርዳሉ። እግሮቹ ለብቻ ተጠርበው ነው የተሰኩት ማለት ነው። ቀጭን እግር መስመሩ አግድም ከሆነ ቶሎ ቀጭ ይላል፤ ጠራቢው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጎኑ ላይ ያለው ስንጥቅም ያንኑ አግድም መስመር ይዞ ነው የሄደው። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ እንጂ በቁመቱ እምብዛም አይኮማተርም።

እንዲህ ያሉ ስዕሎች በብዛት ያሉት የአሜሪካ ዲዛይን ማውጫ በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነው። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1942 መንግሥት ሥራ ያጡ ሰዓሊዎችን ቀጥሮ መጫወቻውን፣ የቤት ዕቃውን፣ ልብሱን አሳላቸው። ከ18,000 በላይ ስዕሎች ዛሬ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ውስጥ አሉ። ያኔ የቀለም ፎቶ ገና አያስተማምንም ነበርና አብዛኛው የተሠራው በውሃ ቀለም ነው።

ውሃ ቀለም ትዕግሥት ይፈልጋል። የፈረሱ ዓይን ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ ቀለም አይደለችም። ሳይቀባ የተተወ ወረቀት ናት። ሰዓሊው ያቺን ነጥብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲጠብቃት ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን አለመጠገኑ ነው። አንድ ጆሮ የለም፤ አልጨመረለትም። የተላጠውን አልቀባም። እንዲያውም ከአዲሱ ቀለም ይልቅ የተላጠው ቦታ ላይ ብዙ ሳይደክም አልቀረም። ለእኔ ይህ ለማያውቀው ልጅ የተደረገ ክብር ነው።

ስንጨርስ ጠጋ ብላችሁ ሰሌዳው ፊት ላይ ያለችውን ቀዳዳ እዩልኝ። ገመዱ የሚታሰረው እዚያ ነበር። የተበላው የላይኛው ጠርዟ ብቻ ነው። ጎታቹ ከፈረሱ ይረዝም ነበር፤ ቆሞ መሄድ የጀመረ ልጅ ነበር።